ደብተር ዘግቶ ማጥናት

ለማስተርስ ስቶክሆልም በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ፈተና ወደቅሁ። የዲስትሪቢዩትድ ሲስተምስ ኮርስ ነበር። ሳላጠና ቀርቼ አይደለም፤ ስላይዶቹን አራት ጊዜ አንብቤ፣ ግማሹን በቢጫ አስምሬ፣ ትርጓሜዎቹን ነጠላ ሰረዛቸው ሳይቀር ሸምድጄ ነበር። ጥያቄው ግን ትርጓሜ አልጠየቀም። በሁለት ዙር ኮሚት ሁሉም ማሽኖች እሺ ብለው ድምፅ ከሰጡ በኋላ አስተባባሪው ቢሞት የቀሩት ምን ያደርጋሉ የሚል ነበር። እኔ የፕሮቶኮሉን ትርጓሜ በሚያምር እንግሊዝኛ ገልብጬ ወጣሁ።

ስዊድኖች ድጋሚ ፈተናውን «ኦምተንታ» ይሉታል። አብሮኝ የወደቀው ልጅ «እንግዲህ ኦምተንታ ላይ እንገናኝ» ብሎኝ ቡናውን መጠጣት ቀጠለ። እኔ ግን አገር ቤት የደረጃ ተማሪ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።

ለድጋሚው ስዘጋጅ የጨመርኩት ሰዓት የለም። አንድ ምዕራፍ አንዴ አነብና ላፕቶፑን ዘግቼ ያስታወስኩትን ባዶ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነው፤ ከአርባ ስላይድ አምስት መስመር አይወጣም። ከዚያ ያልመጣልኝን ብቻ ተመልሼ አያለሁ። ሁለተኛው ልማድ ሳላስበው የመጣ ነው፦ የጻፍኩትን ለራሴ በአማርኛ ማስረዳት። በእንግሊዝኛ ሲሆን ያልገባኝን ነገር በስላይዱ ቃላት መሸፈን እችላለሁ፤ በአማርኛ ግን የምሸሸግበት ቃል የለኝም። የወደቅሁበትን ጥያቄ ለራሴ ያስረዳሁት እንዲህ ነበር፦ ሽማግሌው ከተጣሉት ወገኖች ሁሉ «ለውሳኔዎ እንገዛለን» የሚል ቃል ተቀብለው፣ ውሳኔውን ሳይናገሩ ቢያርፉ፣ ቃል የሰጡት ታስረው ይቀራሉ። እንቢ እንዳይሉ ቃል ሰጥተዋል፤ እንዳይፈጽሙ ውሳኔው አልተሰማም። ፕሮቶኮሉ «ብሎኪንግ» የሚባለው ለዚህ ነው። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ አልረሳሁትም።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ይህንኑ በተማሪዎች ላይ ሞክረውታል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት በለጧቸው። ተንኮሉ ደጋግሞ ያነበበ ሰው የበለጠ የያዘ መስሎ የሚሰማው መሆኑ ነው። እኔም ፈተናው ክፍል የገባሁት ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ይህን ለአጎቴ በስልክ ባጫውታቸው ሳቁብኝ። ጋሼ በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ ተምረዋል። «መጽሐፍ እያየ ማን ያቅተዋል ልጄ?» ነው ያሉኝ። የቅኔ ተማሪ ያሰበውን መምህሩ ፊት ይናገራል፤ ከተሳሳተ እዚያው ይታረማል፤ ከፍ ያለው ደግሞ ጀማሪውን ያስተምራል። የሽምደዳ ልማዳችንን በቤተ ክህነት ትምህርት የምናሳብብ ሰዎች ይህን ብናስብበት ደግ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ዘመናዊው ክፍላችን ከዚያ የወሰደው በቃል መያዙን ነው፤ በየቀኑ መጠየቁንና መታረሙን ግን ጥሎታል።

እዚህ የሚጠይቀኝ መምህር ስለሌለኝ ሥራውን ለአንኪ ሰጠሁት። ካርዱን ከመለስክ ለብዙ ቀን ያቆየዋል፤ ካቃተህ ቶሎ ይመልስብሃል። ከሁስቢ እስከ ቲ-ሴንትራለን በባቡር ወደ 20 ደቂቃ ነው፣ ይበቃል። ቆየት ብዬ ግን በአማርኛ የሚጠይቀኝ የራሴን ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩና ገና በመጀመሪያው ቀን አፈርኩበት። «ስህተት» ብዬ ስጽፍ፣ ካርዱ ላይ «ስሕተት» ስለነበር፣ ቀይ አበራብኝ። ለዩኒኮድ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ የተለመደው ኖርማላይዜሽንም አንድ አያደርጋቸውም። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ፊደላቱ በረድፍ ስለተቀመጡ ከሠ ወደ ሰ ለመሄድ 16 መደመር፣ ከፀ ወደ ጸ 8 መቀነስ ነው። ሀ እና ሃን፣ አ እና ኣን ማስታረቅም አትርሱ። ሁሉንም መጨፍለቅ ግን አልተዋጠልኝም፤ በግእዝ «ሠረቀ» ፀሐይ ነው፣ «ሰረቀ» ሌባ ነው። ስለዚህ መልሱን እቀበልና የካርዱን አጻጻፍ በሌላ ቀለም አሳያለሁ።

ይህን የምጽፈው ለናንተ ለገንቢዎች ነው። የሞከርኳቸው የአማርኛ የትምህርት አፖች አብዛኞቹ የመማሪያ መጽሐፉን ወደ ስልክ ያዛወሩ ማንበቢያዎች ናቸው። መዛወሩ ጥሩ ነው፤ ልጁ ግን አሁንም እያነበበ የቻለ ይመስለዋል። ከምዕራፉ ሥር ሦስት ጥያቄ አስቀምጡና ከሦስት ቀን በኋላ መልሳችሁ ጠይቁት። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አያስፈልገውም፤ አንድ የቀን ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ይበቃዋል።

እኔ አሁን ከሥራ በኋላ የስዊድንኛ ተማሪ ነኝ። እያንዳንዱ ስም «ኤን» ወይም «ኤት» ይፈልጋል፣ ምክንያቱን መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። ጠረጴዛ «ኤት ቦርድ» ነው። ዛሬም «ኤን» አልኩ፤ ነገ ጠዋት ሁስቢ ላይ እንደገና ይመጣብኛል።