የኩሬው ጥልቀት በየዓመቱ ይለካ

ከጋሞ ደጋ የሚነሳው የኩልፎ ወንዝ አርባ ምንጭን አልፎ ጫሞ ሐይቅ የሚገባው የገበሬውን ለም አፈር ጭምር ተሸክሞ ነው። በተዳፋት ላይ የሚቆፈር የጎርፍ መያዣ ኩሬ የዚህን ውኃ ጉልበት ይሰብራል። ሆኖም ኩሬው ራሱ በደለል ይሞላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ1 ሄክታር መሬት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘንቦ ግማሹ ቢፈስ 150 ሜትር ኩብ ጎርፍ ይሆናል። ርዝመቱና ስፋቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ኩሬ 200 ሜትር ኩብ ስለሚይዝ ይበቃዋል። ግማሹን ደለል ከያዘው ግን 50 ሜትር ኩቡ ከታች ወዳለው ማሳ ይወርዳል።

ተማሪዎች የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። በ1979 ዓ.ም. በውኃ ቴክኖሎጂ ተቋምነት የተመሠረተው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ባለበት አካባቢ ደለል የሚለካ ወጣት አይታጣም። ልኬቱ በመመረቂያ ጽሑፍ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ከቀረ ግን ለገበሬው አይጠቅምም። በቀበሌ ስብሰባና በዱቡሻ፣ በጋምኛ ሊነገር ይገባል። በቆላ ቀበሌዎች የተኛ ውኃ የወባ ትንኝ እንደሚያራባም አብሮ ይነገር።

ሌላው ጉዳይ የጉልበት ነው። ደለሉን የሚጠርገው የላይኛው ገበሬ ሲሆን፣ ከጎርፍ የሚድነው የታችኛው ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሥራውን ለሁለቱም ቀበሌ ማካፈል አለባቸው። ጊዜውም የበልግ ዝናብ ሳይገባ፣ በጥርና በየካቲት የተፋሰስ ልማት ወቅት ነው። በወረዳው ሪፖርትም ከተቆፈሩት ኩሬዎች ቁጥር ጎን የተጠረጉት ይመዝገቡ።