እህሉ አለቀ፤ ፎቶው ግን አላለቀም



በቅርቡ እዚህ ወረታ በአጥቢያችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ዕድሜያቸውን በኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ላይ ያሳለፉ አንድ የፎገራ ተወላጅ አባት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በየወደቡ ያነሡትን ፎቶግራፍ ለምእመናን ላሳይ ብለው ጠየቁ። የእኅታቸው ልጅ አልበሙን ሁሉ ስካን አድርጎ በፍላሽ አስቀምጦላቸዋል። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ግን፣ “ቤተ ክርስቲያን ሲኒማ ቤት ሆነች እንዴ?” አሉ። ሌላው፣ “ጋሼ ሊመሰክሩ እንጂ ሊፎክሩ አይደለም” ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአምልኮው ሰዓት ውጭ እንዲሆን ተፈቀደ።

እኔ በክርክሩ ዝም አልሁ። ስለ ፎቶ ሲነሣ አፌን የሚይዘኝ የራሴ ታሪክ ስላለ ነው። ወደ እርሱ እመጣለሁ።

ሕዝቅያስ ያሳየው፣ አንጾኪያ የሰማችው

ሁለቱም ሽማግሌዎች ያሉት ትክክል ይመስለኛል። መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም ዓይነት ማሳየት ያውቃልና።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ከሞት አፋፍ ተመልሶ ሳለ የባቢሎን መልእክተኞች ወደ እርሱ መጡ። ሁለተኛ ዜና 32፥31 እንደሚነግረን የመጡት በምድሪቱ ስለ ተደረገው ተአምር ሊጠይቁ ነበር። እርሱ ግን ብሩንና ወርቁን፣ ሽቱውንና የጦር መሣሪያውን አሳያቸው (ኢሳይያስ 39)። እንግዶቹ ስለ እግዚአብሔር ሥራ ሊጠይቁ መጥተው ቤቱን ጎብኝተው ተመለሱ። ነቢዩ ኢሳይያስ መጥቶ በቤትህ ያዩት ምንድር ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ ያላሳየው ነገር እንደሌለ በገዛ አፉ ተናገረ።

ጳውሎስና በርናባስም ከረጅም መንገድ ተመልሰዋል። ቆጵሮስን፣ ጵርጌንን፣ ኢቆንዮንን፣ ልስጥራንን፣ ደርቤንን አይተዋል። በአንጾኪያ ምእመናንን ሰብስበው የተናገሩት ግን እግዚአብሔር ከእነርሱ ጋር ሆኖ ያደረገውንና ለአሕዛብ የከፈተውን የእምነት በር ነው (ሐዋርያት ሥራ 14፥27)። በልስጥራ ጳውሎስ በድንጋይ ተወግሮ ከከተማ ውጭ ተጎትቶ ነበር። ያም የመንገዳቸው አካል ነው።

ስለዚህ የጉዞን ፎቶ ማሳየት በራሱ ኃጢአትም ጽድቅም አይደለም። ጥያቄው በሥዕሉ መካከል የቆመው ማን ነው የሚለው ነው። ዛሬ ከኢየሩሳሌምም ሆነ ከዱባይ ተመልሰን በፌስቡክና በቴሌግራም የምንለጥፈውን በዚህ እንመዝነው።

የጋሼ ፎቶዎች

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ከአሰብ ወደብ ተነሥተን ቦምቤይ፣ ሮተርዳም፣ ሌላም ብዙ ወደብ ዞርን። ጋሼ በሕንፃዎቹ ላይ ብዙ አልቆዩም። “ይኼ ሰው ታምሜ ሳለሁ ሾርባ ያመጣልኝ ነው”፤ “ይኼ ወጣት ቋንቋዬን ሳያውቅ አብሮኝ የጸለየ ነው” ይላሉ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ላይ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። “ፎቶህን እልክልሃለሁ ብዬው ነበር። አልላክሁም። እርሱ የሰጠኝን ይኸው እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ” አሉ።

ከዚያ ለእረፍት በመጡበት በ1960ዎቹ ያነሡት የራሳችን ሜዳ መጣ። ሣርና ውኃ፣ በውኃው መካከል የፎገራ ከብት። ወጣቶቹ “ሩዙ የት አለ?” ብለው ሳቁ። ሩዝ ገና አልመጣም ነበር። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘርተው ካሳዩ በኋላ ነው የተስፋፋው። ዛሬ ነጭ ወርቅ የምንለው፣ ከጤፍ ቀላቅለን እንጀራ የምንጋግረው እህል በወላጆቻችን ልጅነት እዚህ አይታወቅም ነበር። በኢያሱ ዘመን ከዮርዳኖስ የወጡት ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች የቆሙት ልጆች እንዲጠይቁና አባቶች እንዲመልሱ ነው (ኢያሱ 4)። ያን ቀን ልጆቹ ጠየቁ፣ ሽማግሌዎቹ መለሱ፣ ሁላችንም አመሰገንን።

የእኔ ፎቶ

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በአንድ ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ከቤታቸው ለወጡ ቤተሰቦች ዱቄትና ብርድ ልብስ ይዘን ሄድን። አንዲት እናት ልጃቸውን በጀርባ አዝለው፣ ሌላውን በጎን አቁመው እጃቸውን ሲዘረጉ በስልኬ አነሣሁ። በዚያው ማታ ለጠፍሁት። ብዙ ሰው “ተባረክ” አለኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ከወራት በኋላ ገበያ ላይ አገኙኝ። ትልቁ ልጃቸውን በትምህርት ቤት “የፎቶው ለማኝ” እያሉ ያሾፉበት ነበርና ልጁ አልሄድም ብሎ ቤት ቀርቷል። እኒህ እናት የእኛ አጥቢያ አባል አይደሉም። አልተቆጡም። “ልጄ፣ እህሉን በላነው፣ አለቀ። ፎቶው ግን አላለቀም” አሉኝ።

ጌታችን ስትመጽውቱ ግራ እጃችሁ ቀኝ እጃችሁ የምታደርገውን አትወቅ ብሎ ያስተማረውን (ማቴዎስ 6) ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ! እኔ ግን ለግራ እጄ ካሜራ አስያዝኋት።

“ፎቶ ከሌለ ማን ያምናል?”

ይህን ስል “ለጋሾች ማስረጃ ይፈልጋሉ” የሚሉ ወንድሞች አሉ። እውነት አላቸው። ፎቶ ሕይወት ያድናል። በጥቅምት 1984 እ.ኤ.አ. መሐመድ አሚንና ማይክል በርክ ከኮረም ያሰራጩት ምስል የዓለምን ልብ ቀስቅሶ ለብዙዎች እህል አምጥቷል። ያንኑ ያህል ደግሞ ለዓመታት የአገራችን ስም በተጠራ ቁጥር የተራበ ሕፃን ፊት እንዲታሰብ አድርጓል። ያ ሕፃን ስም ነበረው፤ ስሙን የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ከዚያም በፊት ከእኛ በቅርብ ርቀት በደብረ ታቦር የተወለደው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ አለ። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ፣ ገና በሰባት ዓመቱ በስመ ጥሯ ፎቶ አንሺ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ተቀመጠ። ያን ያዘነ ፊት ዓለም እስካሁን ያየዋል። ልጁ ግን በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ፤ ወደ አገሩም አልተመለሰም።

ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ ሲያሰባስብ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መታመንን ፈልጎ ነበር (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21)። ማስረጃው ግን አብረውት የተላኩ የታመኑ ወንድሞች ነበሩ እንጂ የድሆቹ ኀፍረት አልነበረም። እኛም የዱቄቱን ጆንያ፣ የውኃውን ከፍታ፣ የሚሸከሙትን ወጣቶች ማንሣት እንችላለን። የሰው ፊት ከሆነ አስቀድመን እንጠይቅ፤ እህሉን ከሰጠን በኋላ እንጂ እየሰጠን አይደለም። እጁን ለዱቄት የዘረጋ ሰው “አይሆንም” ለማለት ነፃ አይደለምና። ደግሞም ይህች እናቴ ብትሆን እለጥፈው ነበር ወይ ብለን ራሳችንን እንመርምር።

የተመለሰ ፎቶ

እኔ ፎቶውን አጠፋሁት። ከሌሎች ስልክ ግን ማጥፋት አልቻልሁም፤ ይህን ሸክም ይዤ እኖራለሁ። ወደ ቤታቸው ሄጄ እርሳቸውንም ልጁንም ይቅርታ ጠየቅሁ። እናቲቱ ጥቂት ዝም ብለው፣ “እንግዲያው ሩዙ ሲታጨድ መጥተህ በወጉ አንሣን” አሉኝ። በኅዳር ሄድሁ። ነጠላቸውን ለብሰው፣ ልጆቻቸውን በግራና በቀኝ አቁመው፣ በሩዙ ክምር ፊት ቆሙ። አሳጥቤ ወሰድሁላቸው፤ ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውታል። በኢንተርኔት ላይ የለም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በስልካችንና በአልበማችን የያዝነው የሰው ፊት ሁሉ የእግዚአብሔር መልክ ያለበት ነው። ዛሬ አንዱን ፎቶ መርጣችሁ ለባለቤቱ መልሱለት፤ ባለቤቱ ከራቀ ጸልዩለት። ጋሼም ለዚያ ዓሣ አጥማጅ እንድንጸልይ ጠይቀው ነበር፤ ሁላችንም ተነሥተን ጸለይን።

ጌታ ዓይናችንን ይቀድስልን። ተባረኩ።