ኔትወርክ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ለምን አብሮ ይቆማል?

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ የተቋረጠው ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ቆየ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ስለ መዘጋቱ ብዙ ተብሏል። አንድ ጥያቄ ግን ተዘንግቷል፤ ኢንተርኔት የማያስፈልገው ሥራ እንኳ ለምን አብሮ ይቆማል?

አንድ ጤና ጣቢያ የሕሙማኑን መዝገብ እዚያው ግቢ ባለ ሰርቨር ላይ አኑሯል እንበል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩ እንደገና ይነሣል። በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሰርቨሮች አገልግሎቶችን የሚያስጀምረው «ሲስተምዲ» የተሰኘው ፕሮግራም ነው። አንድ አገልግሎት ከኔትወርክ በኋላ እንዲነሣ ከታዘዘ፣ የሲስተምዲ የኔትወርክ ጠባቂ በነባሪ ቅንብሩ እስከ 120 ሰከንድ ይጠብቃል። ጠባቂው የሚያየው ግን የኮምፒውተሩን የቅርብ መስመር እንጂ ኢንተርኔት መኖሩን አይደለም። አንድ ጊዜ ሠርተው የሚያበቁ አገልግሎቶች ደግሞ በነባሪው የጊዜ ገደብ የላቸውም። ከመካከላቸው አንዱ ከሩቅ ሰርቨር መልስ ሲጠብቅ ከቀረ፣ ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ ይታገታሉ። መዝገቡ እዚያው እያለ ሐኪሙ ሊያየው አይችልም።

መጠበቅ ጥንቃቄ ነው የሚሉ አሉ። ገንዘብ ለሚያስተላልፍ አገልግሎት እውነት ነው፤ ይሁንና እርሱ ብቻውን ይጠብቅ እንጂ ሌሎቹን አያስር። መንገድ ተዘጋ ብሎ ሱቁን የማይከፍት ነጋዴ ብልህ አይባልም። አገልግሎቱ አስቀድሞ ይነሣ፤ ግንኙነቱን ሥራውን እየሠራ ደጋግሞ ይሞክር። ለእያንዳንዱ ጥበቃ የጊዜ ገደብ ይበጅለት። መረጃው በቅርብ ተቀምጦ መስመሩ ሲመለስ ይላክ።

ይህን የምጽፈው ከሲያትል በስተ ሰሜን ከምትገኘው ከኤቨረት ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የተረከበው የመጀመሪያው ቦይንግ 787 የተሠራው በዚህች ከተማ ነው። አውሮፕላን የሚነድፍ መሐንዲስ አንዱ ክፍል ቢበላሽ የቀረው እንዴት ይሠራል ብሎ አስቀድሞ ይጠይቃል። አማዞንና ማይክሮሶፍት በሚገኙበት በዚህ አካባቢ ሶፍትዌር የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። መስመር በማይጠፋበት አገር የተጻፈ ፕሮግራም ግን መስመር ለወራት በሚጠፋበት አገር ያገለግላል። እንግዲህ መሐንዲሶች ሆይ፣ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት የኔትወርኩን ገመድ ነቅላችሁ ኮምፒውተሩን አስነሡት። ካልተነሣ ሥራው ገና አላለቀም።