የቸገረን ገንዘብ ነውን?



ለፊልም ምሽታችን «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» የተባለው የአሜሪካ ፊልም እንዲታይ በጠየቅን ጊዜ፥ «አስፈሪ ፊልም የልጆች ጨዋታ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይመጥንም» ተባልን። እኛም በበኩላችን አንድ አጭር ፊልም እንሥራ ስንል፥ «በምን ገንዘብ?» ተብሎ ተሳቀብን። ሁለቱ መልሶች ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸውና አብሬ ልነቅላቸው እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ፊልሙ። ጆርጅ ሮሜሮ ገና 30 ዓመት ያልሞላው፥ ፒትስበርግ በተባለችው የብረት ከተማ ከጓደኞቹ ጋር የማስታወቂያ ፊልም እየሠራ የሚኖር ሰው ነበር። ዐሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው 600 ዶላር አዋጥተው በ6,000 ዶላር ሥራውን ጀመሩ። ከዚያም ከዚህም እየሰበሰቡ በጠቅላላው 114,000 ዶላር ገደማ አወጡ። ለሆሊዉድ ይህ የኪስ ገንዘብ ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቤቱ ሊፈርስ የተቃረበ የገበሬ ቤት፥ ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ፥ ሙዚቃው አስቀድሞ ተቀርጾ ከተቀመጠ ክምችት የተገዛ ነው። እንዲህ ሆኖ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1968 ታየ። በ1999 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ እንዲጠበቁ ከመረጣቸው ፊልሞች ተርታ ገባ።

ባለፈው ክረምት ጌጫ ላይ፥ መብራት ጠፍቶ፥ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፥ ዐሥራ አንድ ሆነን በአንዲት ላፕቶፕ ዙሪያ ተፋፍገን አየነው። መጀመሪያ ሳቅን። የአንዳንዱ ተዋናይ አነጋገር ደካማ ነው፤ ባርባራ የምትባለውም ሴት አብዛኛውን ጊዜ ደንዝዛ እንድትቀመጥ መደረጓ ነውር ነው፤ ይህን አልክድም። ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋ።

ሰባት ሰዎች በአንድ ቤት ተዘግተዋል፤ ከውጭ ሙታን ከበዋቸዋል። ሰዎቹን የሚፈጃቸው ግን የሙታኑ ብርታት ብቻ አይደለም። «ምድር ቤት እንግባ»፥ «የለም፥ እዚሁ ሆነን በሩን እንቸንክር» እያሉ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ዋናው ሰው ቤን ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ድዌይን ጆንስ ተጫውቶታል። በፊልሙ ውስጥ ስለ ቆዳው ቀለም አንዲት ቃል አትነገርም። ቤን ሌሊቱን ሙሉ ታግሎ ብቻውን ይተርፋል። ሲነጋ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ይደርሳሉ። በመስኮት ብቅ ሲል ከሙታን አንዱ መስሏቸው ተኩሰው ይገድሉታል፤ በሥጋ መንጠቆ ይዘው ከሬሳዎቹ ጋር ወደ እሳት ይወስዱታል። ይህ ፊልም ለሕዝብ የቀረበው ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ዓመት ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ ማንም አልተናገረም። እኔ ያሰብሁት ስለ አሜሪካ አልነበረም፤ ስለ አንድ ሲኒ ነበር።

በሸካና በካፋ «መንጃ» እየተባለ የሚጠራውን ወገናችንን ከቤት ደጃፍ የሚያስቆም፥ ከገበታ የሚለይ ልማድ አባቶቻችን አውርሰውናል። ልጅ ሳለሁ አንድ ማገዶ የሚያመጣልን ሰው ነበር። ዝናብ እየወረደበት ከጣራችን ጠፈፍ ሥር ይቆማል፤ ግባ የሚለው የለም። ቡናውን ወደ ውጭ ይዤለት የምወጣው እኔ ነበርሁ። ሲኒው ከሌሎቹ ተለይቶ ከበሩ ኋላ የሚቀመጥ ነው። የትኛው እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ዐውቀዋለሁ። ሰውዬውን እንድፈራው ተምሬ ነበር፤ ምን እንደሚያደርገኝ ግን የነገረኝ ሰው የለም።

እንግዲህ ወገኖቼ፥ አስፈሪ ፊልም ለመሥራት ምን ጎደለን? አንድ ቤት አለ። ዝናብና ጉም አለ። ሌሊት በር ይንኳኳል፤ ውስጥ ያሉት «ማን ነው?» ይላሉ፤ ማንነቱን ሲሰሙም ይከፈት አይከፈት ብለው ይጨቃጨቃሉ። ለዚህ ሆሊዉድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የገዛ ቤታችንን ከውጭ ቆሞ የማየት ድፍረት ነው።

«114,000 ዶላርም ቢሆን ለእኛ ሀብት ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ የፊልም ጥቅልና እጥበት ገንዘብ ይበላ ነበር፤ ዛሬ ካሜራው በየኪሳችን ነው። የእኛው ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1974 የቀረጸው በጥቁርና ነጭ፥ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። የባላባቱንና የጭሰኛውን ነገር ለማሳየት ቤተ መንግሥት አላሠራም፤ ያለውን መሬትና ያሉትን ሰዎች አየ።

ለማሳየትም ክፍያ አያግደንም። ፊልሙ ሊወጣ ሲል ስሙ ተለወጠ፤ አከፋፋዩም አዲሱን ርእስ ሲያስገባ የባለቤትነት ማስታወቂያውን ሳያኖር ቀረ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ሕግ ያለ ማስታወቂያ መብት አልነበረምና ፊልሙ የሕዝብ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ የምንፈልገው አዳራሽ፥ ነጭ አንሶላና የሁለት ሰዓት ጊዜ ብቻ ነው።

ርካሽ ፊልም ማለት በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ማለት አይደለም፤ ስለማንም ግድ ሳይኖረው የተሠራ ማለት ነው። በብዙ ወጪ የተሠሩ፥ ሳሎን ውስጥ ተጀምረው ሳሎን ውስጥ የሚያልቁ፥ ደጃፍ ላይ የቆመውን ሰው አንድ ጊዜ እንኳ የማያሳዩ ስንት ፊልሞች አጨብጭበንላቸዋል! ለእነርሱ «አይመጥንም» ያለ አልሰማሁም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ፊልሙ ይታይ፤ ከታየም በኋላ ውይይት ይደረግ። ጌጫ ላይ ልንሠራ ያሰብነውም ፊልም ይፈቀድ፤ ፊልሙ ሲሠራም በሩን የሚያንኳኳውን ሰው ንግግር የሚጽፈው በራሱ ቤት ደጃፍ ላይ የቆመ ሳይሆን፥ በሰው ደጃፍ ላይ የቆመ ወገናችን ይሁን። እኔ ልጽፍለት አልችልም፤ እኔ ሲኒውን የያዝሁት ነኝ።

የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ። «ገንዘብ የለም» የሚለውን ግን ሰምተነዋል።

አንድ የጌጫ ተማሪ