ፊልሙስ ሰነዱ ከማን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ስለ ነጃሺ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምንደግመው ነገር አለ። ንጉሡ በበትራቸው መሬት ላይ መስመር አሰመሩ፤ በእኛና በእናንተ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህች መስመር አይወፍርም አሉ እንላለን። በዳዕዋ መድረክ ሳይቀር ይነገራል። ምንጩ ግን ሲራ አይደለም፤ ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጡት «አር-ሪሳላ» ፊልም ነው።

ሲራው የሚለው ሌላ ነው። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ከሱረቱ መርየም ቀሩ። በማግስቱ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ሲጠየቁ ሙስሊሞች የሚያምኑትን ሳይደብቁ ተናገሩ። ያኔ ነጃሺ ከመሬት እንጨት አንስተው፣ ዒሳ እናንተ ካላችሁት የዚህችን እንጨት ያህል እንኳ አያልፍም አሉ። ይህን የዘገቡልን በስደቱ የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው።

ልዩነቱን እናስተውል። በፊልሙ ንጉሡ ከመስመሩ ማዶ የቆሙ ደግ ጎረቤት ናቸው። በሲራው እውነቱን የመሰከሩ ሰው ናቸው። ሲሞቱም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓቦችን አሰልፈው፣ በአራት ተክቢራ ሶላተል ጋኢብ እንደሰገዱላቸው ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ፊልሙ እዚያ አይደርስም። እስልምና በዚህች አገር እንግዳ ነው ለሚሉን ግን መልሳችን ያለው እዚያው ነው።

ፊልሙን ማውገዛችን አይደለም። የነቢዩን መልክም ድምፅም ሳያሳይ ሲራን ለብዙ ሕዝብ አድርሷል። ነገር ግን በፍቅር የተሠራ ፊልም አንድ ንግግር ለውጦ ትውስታችንን ከለወጠ፣ ለመወንጀል የተሠራው ምን ያህል ይለውጥ? በጥር 2005 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተላለፈውን «ጂሃዳዊ ሐረካት» አይተናል። ጉዳያቸው ያኔ ገና በፍርድ ቤት እየታየ የነበረ ወንድሞቻችን ዳኛ ሳይፈርድ በአገር ፊት ወንጀለኛ ተደርገው ቀረቡ። እኛ ዝም ካልን ልጆቻችን ትግላችንን የሚያውቁት በዚያ ፊልም ይሆናል።

ሐዲስ ሲነገረን «ማን ዘገበው?» እንላለን። ቴሌቪዥኑንም እንዲሁ እንጠይቀው፤ ማን አየ? ማን ተናገረ? ምኑ ተቆርጦ ቀረ? በየመድረሳው የነጃሺን ታሪክ ከኡሙ ሰለማ ዘገባ እናስተምር። በተቃውሞው የነበረ ሁሉ ደግሞ ያየውን፣ ያየውን ብቻ፣ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሶ ይጻፍ፤ ለልጆቹም ያንብብላቸው። ነገ ሰነድ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ኢንሻአላህ።

አላሁ አክበር!