ወደ የትኛው ጉንዳን እንሂድ?

የንባብ ክፍል፦ ምሳሌ 6፥6-11፤ ማቴዎስ 20፥1-16



ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ከገብረ ጉንዳን እንዲማር ይልከዋል። ይህን ክፍል የማያውቅ አማኝ ያለ አይመስለኝም። ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ ሰምተነዋል። ወላጆቻችን ጠዋት ከአልጋ ሊያስነሡን ጠቅሰውልናል፤ እኛም በተራችን ለልጆቻችን ጠቅሰናል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ይህን ቃል በሌላ ሰው ላይ እያነበብኩ፣ እኔ ራሴ ግን አንድ ቀን እንኳ ወደ ጉንዳኗ ሳልሄድ ስንት ዓመት እንደኖርኩ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ሜልበርን በቤት ለቤት ኅብረታችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የምመራው እኔ ነበርኩ። ከመካከላችን አንድ ወጣት ነበር። ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፣ ከኋላ ይቀመጣል፣ ጥናቱ እኩሌታ ላይ ሳይደርስ እንቅልፍ ይወስደዋል። ለጽዋ ማጠቢያና ለወንበር ማንሻ አይቆይም፤ ጸሎት እንዳበቃ ይወጣል። አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቴ አለቀ። የምናጠናውን ትቼ ምሳሌ ምዕራፍ 6ን ገለጥኩና ዓይኔን እርሱ ላይ ተክዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁ በሳቁ ነቃ፣ ዙሪያውን አየ፣ ነገሩ ሲገባው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አልተመለሰም።

ከወራት በኋላ አንዲት እኅት ነገረችኝ። ልጁ ሌሊት ሌሊት የአትክልት መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲያነሣ ያድራል። ከሥራ የሚወጣው ነግቶ ነው። በሚያገኘው ገንዘብ አገር ቤት እናቱን ይጦራል፣ ሁለት ታናናሾቹን ያስተምራል። ወደ እኛ ይመጣ የነበረው በመኝታው ሰዓት ነበር። እኔ ሰነፍ ያልኩት ሰው፣ የእግዚአብሔርን ቃል ለመስማት ሲል ከሁላችንም የሚበልጥ ዋጋ ይከፍል ነበር። ስልክ ደወልኩለት። “ጋሼ፣ ችግር የለውም” አለኝ። ችግር እንዳለው ግን ድምፁ ነገረኝ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ለሥራ ጉዳይ ወደ አገሪቱ መሐል ወደ አሊስ ስፕሪንግስ ሄጄ ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ቀይ አፈር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚወርደው ዝናብ ትንሽ ነው፣ እርሱም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። በረሃው ግን ባዶ አይደለም። ሙልጋ የሚባል የግራር ዘመድ የሆነ ዛፍ ለብሷል። እንዲህ ያለው የሙልጋ ጫካ ከአውስትራሊያ ምድር አንድ አምስተኛ ገደማውን ይሸፍናል ይባላል። ቅርንጫፎቹ ወደ ላይ የተዘረጉ ናቸው፤ የምትወርደውን ጥቂት ዝናብ ሰብስበው በግንዱ በኩል ወደ ሥሩ ያወርዷታል።

አብሮኝ የሚሠራ፣ በዚያው አካባቢ ያደገ ሰው ነበር። ስለ ልጁ ያደረግሁት ነገር ልቤን ስለከበደው፣ አንድ ቀን “ጉንዳን ላይ እስኪ ውሰደኝ” አልኩት። እርሱም “የትኛውን?” ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ጉንዳን ሁሉ አንድ መስሎኝ ስለነበር መልስ አጣሁ። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የጉንዳን ዝርያዎች ከ14 ሺህ በላይ ናቸው። አውስትራሊያ ውስጥ ብቻ ከሺህ በላይ ዝርያዎች ይኖራሉ። ደረቁና ምድረ በዳው የአገሪቱ ክፍል ደግሞ ከሁሉ በላይ ጉንዳን የበዛበት ነው። በአንድ ትንሽ የሙልጋ ጫካ ውስጥ ብዙ አሥር ዓይነት ጉንዳኖች ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ከዛፎቹ ሥር ስንዘዋወር በመጀመሪያ ያሳየኝ እንደ ትንሽ የውኃ ጉድጓድ አፍ ዙሪያው በአፈር የታጠረ ቤት ነበር። በግድግዳው ላይ ደረቅ የሙልጋ ቅጠል ተነጥፏል። ይህ የሙልጋ ጉንዳን የሚባለው ዝርያ ቤት ነው። በዚያ አገር ዝናብ ሲመጣ ውኃው በሜዳው ላይ ተንጣሎ ይሄዳል፤ ግድግዳው ጎርፉ ወደ ቤቱ እንዳይገባ ይከላከላል። ደመና በሌለበት ቀን የሚያይ ሰው “ይህ ሁሉ ግንብ ለምን አስፈለገ?” ይላል።

እኩለ ቀን ሲሆን እኛ ጥላ ፈለግን፤ አብዛኛው ነፍሳትም ተደበቀ። በዚያን ሰዓት ግን ቀያይ ጉንዳኖች ከጉድጓዳቸው ወጥተው በትኩሱ አሸዋ ላይ ይሮጡ ጀመር። እነዚህ የሚሠሩት የአፈሩ ሙቀት ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ በኋላ ነው። ሌላው ሲሸሽ እነርሱ ይወጣሉ፤ ሙቀቱ የገደላቸውን ነፍሳት ለቅመው ይገባሉ። ጠዋት በቀዝቃዛው ሰዓት ቤታቸው በር ላይ ቆሞ የጠበቀ ሰው ግን አንዲት ሠራተኛ ላያይ ይችላል። “እነዚህስ ሰነፎች ናቸው” ብሎ ሊሄድም ይችላል።

ማታ ደግሞ በባትሪ ተመለስን። ቀን ባዶ የነበረው የዛፍ ግንድ ላይ ሌሎች ጉንዳኖች ይወጡና ይወርዱ ነበር። የሌሊት ሠራተኞች ናቸው። እዚያ ቆሜ ባትሪውን በእጄ እንደያዝኩ የመጋዘኑ ልጅ ፊቴ ላይ መጣ። ወገኖች፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለቀስኩ። እርሱም እኮ ሌሊት የሚወጣ ነበር። እኔ የቆምኩት በቀን፣ ቤቱ በር ላይ ነበር።

ስለ አንዷ ጉንዳን ግን የሰማሁት እንጂ ያየሁት አይደለም፤ ጠልቆ መቆፈር ይጠይቃልና። የማር ጉንዳን ይሏታል፤ ቤቷ ከሙልጋ ዛፍ ሥር ነው። ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ ከቤት አይወጡም፣ አይሸከሙም፣ አይገነቡም። በጨለማው ክፍል ጣሪያ ላይ ተንጠልጥለው ይኖራሉ። ሆዳቸው እንደ ወይን ፍሬ እስኪወጠር ድረስ እኅቶቻቸው ከውጭ ያመጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ያጠጧቸዋል። ድርቅ ሲመጣና ውጭ የሚለቀም ነገር ሲጠፋ፣ የተራቡት መጥተው በአንቴናቸው ይነኳቸዋል፤ እነርሱም ካከማቹት ከአፋቸው አውጥተው ይመግባሉ። የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ እነዚህን ጉንዳኖች ቆፍረው በማውጣት ማራቸውን ይበላሉ። እንግዲህ ከውጭ ብቻ ለሚያይ ሰው፣ በዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉ ሰነፏ ያቺ የተንጠለጠለችው ናት። እርሷ ግን የቤቱ ጎተራ ናት።

ይህን ስሰማ በኅብረታችን ያሉ አንዲት እናት ትዝ አሉኝ። እማማ ጉልበታቸው ስለታመመ ከቤት አይወጡም። በየትኛውም የአገልግሎት ክፍል ዝርዝር ውስጥ ስማቸው የለም። ግን ስንቶቻችን ነን ትዳራችን ሲናወጥ፣ ልጃችን ሲታመም፣ ከሥራ ስንባረር እርሳቸው ዘንድ ሄደን ተጸልዮልን፣ ተጽናንተን የተመለስነው? በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲቀርብ የእማማ አገልግሎት በየትኛው ገጽ ላይ ይጻፋል?

ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በአውሮፓ አንዳንድ ሊቃውንት ሰሎሞን ተሳስቷል ይሉ ነበር። በአገራቸው የሚያውቋቸው ጉንዳኖች እህል አያከማቹም፤ ክረምቱን ደንዝዘው ያሳልፋሉ። ስለዚህ “ጉንዳን እህል አይሰበስብም፣ የጥንት ሰዎች የጉንዳንን ሙሽሬ አይተው እህል መስሏቸው ነው” አሉ። ጆን ትራሄርን ሞግሪጅ የሚባል እንግሊዛዊ ለጤናው ሲል ክረምቱን በደቡብ ፈረንሳይ በማንቶን ያሳልፍ ነበር። ይህ ሕመምተኛ ሰው ከጉንዳን ቤት አጠገብ በትዕግሥት ተቀመጠ፣ ተከታተለ፣ ቆፈረ። ከመሬት በታች በዘር የተሞሉ ጎተራዎችን አገኘ። ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1873 በመጽሐፍ አሳተመ። በእስራኤልም ምድር እንዲህ ያሉ እህል ሰብሳቢ ጉንዳኖች ዛሬም አሉ። ሚሽና የሚባለው የአይሁድ የሕግ ስብስብ፣ በማሳ ውስጥ ከጉንዳን ጉድጓድ የተገኘ እህል የባለቤቱ ነው ወይስ የድሆች የሚለውን ጥያቄ እስከ መወሰን ደርሷል።

ሊቃውንቱ ያዩት ነገር ውሸት አልነበረም። ስሕተታቸው በደጃቸው ያለውን አንድ ዓይነት ጉንዳን አይተው በጉንዳን ሁሉ ላይ መፍረዳቸው ነበር። የእኔም ስሕተት ይኸው ነው። የማውቀው ትጋት አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፤ በሰዓቱ የሚመጣ፣ ከፊት የሚቀመጥ፣ ወንበር የሚያነሣ። ይህን የማይመስለውን ሁሉ ሰነፍ አልኩት።

አሁን ምሳሌ 6ን ደግማችሁ አንብቡ። ቁጥር 7 ገብረ ጉንዳን አለቃ እንደሌላት ይናገራል። ይህ እውነት ነው፤ ንግሥት የምንላት እንኳ እንቁላል ትጥላለች እንጂ ትእዛዝ አትሰጥም። እኔ ግን አለቃ ስለሌላት ፍጥረት የሚናገረውን ክፍል በወንድሜ ላይ አለቃ ለመሆን ተጠቀምኩበት። ቃሉ አንባቢው ራሱ ሄዶ እንዲያይ ይልካል። እኔ ግን ባለሁበት ተቀምጬ ሌላውን ላክሁ።

“ታዲያ ስንፍና የሚባል ነገር የለም ልትለን ነው?” የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ሰሎሞን የሚናገርለት ሰው አለ፤ መከሩ ደርሶለት፣ እጁ ጤነኛ ሆኖ፣ ጥቂት ልተኛ እያለ ቀኑን የሚያሳልፍ ሰው። ጳውሎስም በተሰሎንቄ ሊሠራ ስላልወደደ ሰው ጽፏል። እንዲህ ያለውን ወንድም በፍቅር መገሠጽ ይገባል፤ ዝም ማለት እርሱን መጥላት ነው። ዳሩ ግን ያልወደደና ያልቻለ፣ ያልሠራና ሲሠራ ያልታየ አንድ አይደሉም። ልዩነቱን የምናውቀው ከሩቅ በማየት ሳይሆን ቀርቦ በመጠየቅ ነው።

ጌታችን ባስተማረው ምሳሌ ውስጥ የወይኑ ቦታ ባለቤት በ11ኛው ሰዓት ወጥቶ ሥራ ፈትተው የቆሙ ሰዎችን አገኘ። አልሰደባቸውም፤ ለምን እንደቆሙ ጠየቃቸው። የሚቀጥራቸው ሰው እንዳላገኙ ነገሩት። እርሱም ወደ ወይኑ ቦታው ላካቸው። አስቡት፣ የወይኑ ባለቤት ሆኖ ሳለ ከመፍረዱ በፊት ጠየቀ። እኛ ባለቤቶች ያልሆንነው ግን ሳንጠይቅ እንፈርዳለን።

ስለዚህ ኅብረት ለምትመሩ፣ ልጆች ለምታሳድጉ፣ በመድረክ ለምትቆሙ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በዚህ ሳምንት “ሰነፍ ነው” ብላችሁ በልባችሁ የመዘገባችሁትን አንድ ሰው አስቡ። ከመናገራችሁ በፊት ቡና ጠጡ አብራችሁት። ሌሊቱን የት እንደሚያድር፣ ማንን እንደሚጦር፣ ምን እንደሚያመው ጠይቁት። ምናልባት በእውነት ሰነፍ ሆኖ ታገኙት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ተግሣጻችሁ ከወዳጅ አፍ ስለሚወጣ ይሰማችኋል። ምናልባት ደግሞ እግዚአብሔር ለኅብረታችሁ በስውር ያስቀመጠው ጎተራ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ያ ወጣት አሁን በሌላ አጥቢያ ያገለግላል። ከአሊስ ስፕሪንግስ ስመለስ ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ሲነሣ ገና ከእንቅልፉ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሆኗል። ሻይ አፈላልኝ፣ ይቅርም አለኝ። ወደ ኅብረታችን ግን አልተመለሰም፤ እንዲመለስ የመጠየቅ ድፍረትም አላገኘሁም። ያን ቀን የሳቁት ሰዎች ፊት ዛሬም የእርሱ ወንበር ባዶ ነው።

ጌታ ሆይ፣ ለትንሿ ጉንዳን ሰዓቷንና ሥራዋን የሰጠህ አንተ ነህ። የወንድማችንን ሸክም የሚያይ ዓይን፣ ከመፍረዱ በፊት የሚጠይቅ አፍ ስጠን። አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።