የጆርናል ኮከብ ቆጣሪዎች

ኮከብ መቁጠር ድሮ የደብተራ ሥራ ነበር። ስምህንና የእናትህን ስም ጠይቆ፣ ፊደሉን ደምሮ፣ በ12 ገድፎ «ኮከብህ ሐመል ነው» ይልሃል። ዘንድሮ ሙያው ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። በእንግሊዝ አገር የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ማኅበር የጥናት ጆርናሎችን እየመዘነ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይላል፤ ከሁሉ በላይ ናቸው ለሚላቸው ደግሞ 4 ከነኮከቡ። የአውስትራሊያ የቢዝነስ ዲኖች በፊደል ነው የሚመድቡት፤ «ኤ ኮከብ»፣ «ኤ»፣ «ቢ»፣ «ሲ»። አሜሪካ ውስጥ ዳላስ ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ 24 ጆርናሎችን ብቻ ይዞ ትምህርት ቤቶችን ያሰልፍባቸዋል። ፋይናንሻል ታይምስ፣ አዎ ጋዜጣው፣ የራሱ 50 ጆርናሎች አሉት፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ 45 ነበሩ። ጋዜጣ ፕሮፌሰሮችን ሲያሰልፍ ማየት ለኛ ለጋዜጣ ሰዎች ደስ አይልም ብንል ውሸት ነው።

«የምሁራን የውስጥ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ኧረ ያገባናል! ማን እንደሚቀጠር፣ ማን ዕድገት እንደሚያገኝ፣ ከዚያም አልፎ ስለ ምን እንደሚጠና የሚወስነው ይኸው ዝርዝር ነው።

የዝርዝሮቹ ብዙዎቹ ጀርባቸውን የሚያስደግፉበት ኢምፓክት ፋክተር የሚባል ስሌት አለ። ነገሩ ቀላል ነው። ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች ዘንድሮ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ? ያ ቁጥር ለጽሑፎቹ ብዛት ይካፈላል፤ አለቀ። ስሌቱን ያበጁት ዩጂን ጋርፊልድ የተባሉ አሜሪካዊ፣ የትኞቹ ጆርናሎች በጥቅስ ማውጫቸው ይካተቱ የሚለውን ለመምረጥ ብለው ነው እንጂ እከሌ ይደግ፣ እከሌ ይባረር ለማለት አልነበረም። ደግሞስ አማካይ አይደለም እንዴ? አንድ ሚሊየነር ቀበሌው ውስጥ ቤት ስለሠራ ጎረቤቱ ሁሉ «በአማካይ» ሀብታም ሆነ እንደማለት ነው። ጥቂት ጽሑፎች ብዙ ይጠቀሳሉ፤ የቀሩት በእነሱ ጥላ ሥር ይከበራሉ።

ቁጥር ሥልጣን ካገኘ ደግሞ ቁጥሩን የሚያባብል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2012 አለን ዊልሃይትና ኤሪክ ፎንግ የተባሉ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው ጆርናል ላይ አንድ ጉድ አወጡ። በኢኮኖሚክስ፣ በሶሺዮሎጂ፣ በሳይኮሎጂና በቢዝነስ ከ6,000 በላይ ምሁራንን ጠይቀው፣ ከአምስት አንዱ ያህል «ጽሑፍህ እንዲወጣ ከፈለግህ የኛን ጆርናል ጨምረህ ጥቀስ» መባሉን ተናገረ። ምን ቀረ፣ የትኛው ሐሳብ ጎደለ የሚል ነገር የለም፤ ዝም ብለህ ጥቀስ! በቢዝነሱ ሰፈር ይብስ ነበር። ዱላው የሚበረታውም በሙሉ ፕሮፌሰሮቹ ላይ ሳይሆን ገና ዕድገት በሚጠብቁት ረዳትና ተባባሪ ፕሮፌሰሮች ላይ ነው። ጉቦ በብር ብቻ ነው ያለው ማነው?

አውስትራሊያ ነቅታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሚኒስትሩ ኪም ካር የመንግሥቱን የጆርናል ደረጃ ሰረዙት፤ የዩኒቨርሲቲ አለቆች «ኤ ኮከብ» እና «ኤ» ላይ ይህን ያህል አውጡ እያሉ ኮታ መጣል ጀምረው ነበራ። ኮታ! እኛ ኮታን የምናውቀው በደርግ ዘመን ከገበሬው እህል ጋር ነው። መንግሥት የራሱን ቢጥልም ዲኖቹ ግን ያንን የራሳቸውን ዝርዝር እያደሱ አሁንም ይዘውታል።

የኔ ትልቁ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። አንድሪው ካሮሊ የተባሉ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ እራሳቸው ሪቪው ኦፍ ፋይናንሺያል ስተዲስ የተባለውን ታላቅ ጆርናል በአርታኢነት የመሩ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ቆጠራ አለ። በአራቱ ከፍተኛ የፋይናንስ ጆርናሎች ከወጡት በመረጃ ላይ የተመሠረቱ ጥናቶች ውስጥ ከአሜሪካ ውጭ ያለውን ገበያ የሚመለከቱት 16 ከመቶ ብቻ ናቸው። የቀረው ዓለም በሙሉ፣ ቻይናና ጃፓን ሳይቀሩ፣ በ16 ከመቶ ውስጥ ተጋፍቶ ይደር!

እኛስ? በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች ዕድገት የፈለገ መምህር «በታወቀ ጆርናል» ላይ አሳትም ይባላል። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። እነዚያ ጆርናሎች የለመዱት የብዙ አሥርት ዓመታት የአክሲዮን ዋጋ ከየት ይምጣለት? ዕቁብ እንዴት ካፒታል እንደሚያሰባስብ፣ የመርካቶ ነጋዴ ባንክ ሲዘጋበት ከማን፣ በስንት ወለድ እንደሚበደር ቢያጠና፣ አገሩን ይጠቅም ይሆናል፤ ኮከብ ያለው ጆርናል በር መክፈቱ ግን ያጠራጥራል። ስለዚህ ብልጥ የሆነው ወጣት የኒውዮርክን አክሲዮን ኮምፒዩተር ላይ ሲፈጭ ይውላል። ልንፈርድበት አንችልም፤ ልጆች አሉት።

እርግጥ ነው፣ ምንም ማጣሪያ ባይኖር ገንዘብ ተቀብለው ያገኙትን ሁሉ የሚያትሙ የውሸት ጆርናሎች ሜዳውን ይሞሉታል። ሞልተውታልም። ነገር ግን የውሸቱን መለየት አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፉን ሳይገልጡ ሽፋኑን አይቶ ሰው መሾም ሌላ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጠነሰሰው የምርምር ግምገማ መግለጫም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ለቅጥርና ለዕድገት ጽሑፉን እንጂ የጆርናሉን ቁጥር አትዩ።

እስቲ የየዩኒቨርሲቲዎቻችን የዕድገት ኮሚቴዎች ይመልሱልን፤ ባለፈው ዓመት ካሳደጋችኋቸውና ከጣላችኋቸው መምህራን ጽሑፎች ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበባችሁት ስንቱን ነው?